የሌጎ ሞተርን በሴንሰር መገደብ፦ ከጅማ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጅማ ውስጥ የሌጎ ሞዴል በሞተር የሚያንቀሳቅሱ ተማሪዎችና ወላጆች የላኩልኝን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ከዚህ በታች አቅርቤአለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የቡና ጆንያ የሚያነሣ ክሬን ሠርተን ሞተሩ ለ3 ሰከንድ እንዲዞር አዘዝነው። ጠዋት በትክክል ይቆማል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ክንዱ ሳይደርስ ይቀራል። ለምን?

መልስ፦ ሰከንድ ርቀትን አይለካም። ባትሪው ሲደክም ወይም ጆንያው ሲከብድ፣ ፍጥነቱን ራሱ እንዲጠብቅ ያልታዘዘ ሞተር ይዘገያል፤ በዚያው ጊዜ የሚሄደውም መንገድ ያጥራል። ስድስት አዲስ አልካላይን ባትሪዎች 9 ቮልት ገደማ ሲሰጡ፣ በቻርጅ የሚሠሩት ስድስቱ 7.2 ቮልት ስለሆኑ፣ የባትሪ ዓይነት መቀየር ብቻውን የክሬናችሁን መቆሚያ ያዛውራል። የኢቪ3 (በፕሮግራም የሚታዘዘው የሌጎ ሮቦት ስብስብ) ሞተሮች ዙራቸውን በ1 ዲግሪ ልዩነት የሚቆጥር ሴንሰር በውስጣቸው ስላለ፣ ትእዛዙን በዲግሪ ስጡ።

ጥያቄ፦ ስንት ዲግሪ እንበለው? ሞተሩ ክንዱን የሚያዞረው በጠመዝማዛ ማርሽና በባለ 24 ጥርስ ማርሽ ነው።

መልስ፦ ጠመዝማዛው ማርሽ አንዴ ሲዞር የሚገፋው አንድ ጥርስ ነው፤ ክንዱ ሙሉ ዙር እንዲዞር ሞተሩ 24 ጊዜ ይዞራል። ለ90 ዲግሪ 6 ዙር፣ ማለትም 2160 ዲግሪ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ መሣሪያውን አጥፍተን ስናበራ ወይም ፕሮግራሙን እንደገና ስናስጀምር ክሬኑ ያለ ልክ ይዞራል። ቆጣሪው ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ቆጣሪው ደህና ነው፤ የጠፋው ዜሮው ነው። የኢቪ3 ቆጣሪ ሲነሣ ክንዱ ያለበትን ቦታ፣ የትም ይሁን የት፣ ዜሮ አድርጎ ይወስዳል። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው የስፓይክ ፕራይም (ከኢቪ3 በኋላ የመጣው የሌጎ ስብስብ) ሞተር መነሻውን ያስታውሳል፤ ሆኖም የሚያስታውሰው የራሱን አንድ ዙር ብቻ ስለሆነ፣ ከ24ቱ ዙሮች በየትኛው ላይ እንዳለ አይነግራችሁም። ስለዚህ ክንዱ ወደ ታች የሚያርፍበት ጫፍ ላይ የንክኪ ሴንሰር ግጠሙ፤ ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥር ክንዱ በዝግታ ወደዚያ ይሂድ፣ ሴንሰሩ ሲጫን ይቁም፣ ቆጣሪውም በዚያች ቅጽበት ወደ ዜሮ ይመለስ። ሴንሰሩን ከሞተሩ አጠገብ ሳይሆን ክንዱ ራሱ በሚደርስበት ቦታ ላይ ማድረግ ይሻላል፤ በማርሾቹ መካከል ያለው ላላነት ልኬቱን የሚያዛባው ከሞተሩ በኋላ ነውና።

ጥያቄ፦ የንክኪ ሴንሰሩን ገጥመናል፤ ቢጫንም ግን ሞተሩ አይቆምም።

መልስ፦ ይህን ስሕተት ከማናቸውም በላይ አየዋለሁ። «2160 ዲግሪ ዙር» የሚለው ትእዛዝ እስኪፈጸም ድረስ ፕሮግራሙን ያስጠብቃል፤ ሴንሰሩን የሚጠይቀው መስመር ከሥሩ ከተጻፈ ተራው የሚደርሰው ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ሞተሩን ያለ ገደብ አስነሡት፤ ቀጥሎ ሴንሰሩን በተደጋጋሚ ጠይቁ፤ ሲጫን አቁሙት።

ጥያቄ፦ ያለ ሴንሰር ጫፉን ነክቶ እስኪታገል ብንተወውስ?

መልስ፦ ኃይሉ በፕሮግራም ዝቅ ከተደረገና ሞተሩ መታገል እንደጀመረ ወዲያው ከቆመ ዜሮን ለማግኘት ይጠቅማል። በሙሉ ኃይል ግን ሞተሩ ይግላል፤ ጠመዝማዛ ማርሽ ደግሞ በክንዱ ተገፍቶ ወደ ኋላ ስለማይዞር፣ ጭነቱን የሚሸከሙት ዘንጎቹና ፕላስቲኩ ይሆናሉ። መሐል ላይ የሚንሸራተት ነጩን ባለ 24 ጥርስ ማርሽ ማስገባት ለመጠባበቂያ ጥሩ ነው፤ ሴንሰርን ግን አይተካም።

ጥያቄ፦ ለልጄ ያለኝ ፓወር ፋንክሽንስ የተባለው አሮጌው የሌጎ ሞተርና ባትሪ ስብስብ ብቻ ነው። ሴንሰር አይቀበልም ተብያለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እውነት ነው፤ በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው ያ ሥርዓት የሴንሰር መግቢያ የለውም። ነገር ግን ሲጫን የኤሌክትሪኩን መንገድ የሚቆርጥ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ በሞተሩ ገመድ መስመር ውስጥ ቢያስገቡና ከእያንዳንዱ ጎን ለጎን አንድ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ቢያስሩ፣ ሞተሩ ጫፍ ሲደርስ ይቆማል፤ አቅጣጫው ሲገለበጥ ደግሞ ኤሌክትሪክ በዳዮዱ አልፎ ይመልሰዋል። ለመካከለኛው ሞተር 1 አምፔር የሚችል ዳዮድ ይበቃል፤ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ አይጠፋም። ሞተሩ ጫፉን አልፎ ከሄደ ዳዮዱ ተገልብጦ ታስሯል ማለት ነው፤ ያዙሩት።

ጥያቄ፦ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት በር በሞዴል ሠርተን በአልትራሳውንድ (በድምፅ ሞገድ ርቀት በሚለካ) ሴንሰር ልንዘጋው ነው። ይሆናል?

መልስ፦ የኢቪ3ቱ ከ3 ሴንቲ ሜትር በታች ያለውን በትክክል አይለካም። ሰው ሲመጣ በሩን ለመክፈት ተጠቀሙበት፤ ለመዝጊያው ጫፍ የንክኪ ሴንሰር ይሁን።