የእማዬ የጽዋ ተራ

ይድረስ ለምክር አምዱ አዘጋጅ፣

ያደግሁት ኦርቶዶክስ ቤት ነው፤ መካነ ኢየሱስ ከገባሁ አምስት ዓመት ሆነኝ። እማዬ በየወሩ በ24 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ጽዋ ትጠጣለች፤ የነሐሴው ተራ የእሷ ነው። ዳሌዋን ተሰብራ ስለተኛች «ዳቦውን ድፊልኝ፣ ጠላውን ጥመቂልኝ፣ ማኅበርተኞቼን አስተናግጂልኝ» አለችኝ። «ሙት አያማልድም፤ መካከለኛው አንድ ነው፣ 1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥5» አልኳት። «አንቺ ስትታመሚ ለጓደኞችሽ ሁሉ ጸልዩልኝ ብለሽ ደውለሽ የለ? እኔ ጻድቁን ብለምን ምን ነውር አለው?» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ አንነጋገርም። ብደግስ እምነቴን የካድኩ ይመስለኛል፤ እምቢ እንዳልል እናቴ ናት።

ግራ የገባኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

እህቴ፣ እኔ ራሴ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ይህን አውቀሽ አንብቢኝ።

የእናትሽ ጥያቄ ጥቅስ ተወርውሮበት የሚታለፍ አይደለም። የጠቀስሽው ምዕራፍ ገና ሲጀምር ጳውሎስ ስለ ሰዎች ሁሉ ልመናና ምልጃ እንዲደረግ ያሳስባል። የጓደኞችሽ ጸሎት የክርስቶስን መካከለኛነት ካልነካ፣ ቁጥር 5 ብቻውን እናትሽን አይረታቸውም። «ሙት» ያልሽውንም ተይው። የአንቺዎቹ ሉተራውያን እንኳ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1531 የራሳቸውን የእምነት ሰነድ፣ የአውግስቡርግን የእምነት መግለጫ፣ ሲከላከሉ፣ በሰማይ ያሉ ቅዱሳን ለቤተ ክርስቲያን እንደሚጸልዩ አልካዱም። ያልተቀበሉት እኛ እነሱን መለመናችንን ነው፤ በመጽሐፍ ትእዛዝም ምሳሌም የለውም ብለው።

እንግዲህ የተለያያችሁበት ቦታ ካሰብሽው ይጠባል። ጓደኛሽ ስልክ አንስታ ሰምታሻለች፤ ጻድቁስ ይሰማሉ? እናትሽ ራእይ 5፥8ን ያነሣሉ፦ ሽማግሌዎቹ የቅዱሳን ጸሎት የሆነውን ዕጣን በወርቅ ዕቃ ይዘው በበጉ ፊት ወድቀዋል፤ ስለዚህ የምድሩ ጸሎት ሰማይ ላሉት ባዳ አይደለም። አንቺ ደግሞ እዚያ ቦታ ሽማግሌዎቹን «አማልዱኝ» ያለ ሰው አልተጻፈም ትያለሽ። ሁለታችሁም የምትሉት አላችሁ፤ ሰው በተኛበት አልጋ አጠገብ ግን አትቋጩትም።

ወደ ድግሱ ልምጣ። አንዳንዱ «ለጣዖት የተሠዋ» ብሎ ያስፈራራሽ ይሆናል። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 8 የሚናገረው ስለ ጣዖት ነው፤ የእናትሽ ዳቦ የሚባረከው በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም፣ አባታችን ሆይ ተደግሞበት ነው። መጋገርና እንግዳ ማስተናገድ የልጅ ሥራ ነው። የማታምኚበትን ጸሎት «አሜን» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን አታድርጊው፣ እናትሽም በግድ የወጣ አሜን የሚፈልጉ አይመስለኝም።

ዛሬውኑ ሄደሽ «እማዬ፣ ሙት ማለቴ ጥፋት ነው። እደግስልሻለሁ፤ ጸሎቱ ሲደርስ ግን ጓዳ እሆናለሁ» በያቸው። ጽዋውን ለቀጣዩ ተረኛ የሚያስረክብ ከዘመድ አንድ ሰው ይቁም፤ ለማኅበሩ ሙሴም (ለመሪው) እናትሽ አስቀድመው ይንገሩት፤ ያን ቀን ሰው ፊት «የት ሄደች?» እንዳይባል። ጠላ ቀን ይፈልጋልና ከዚያ ስትወጪ ጌሾውን ግዢ።