ቀድሞ የተፈለፈለ፣ ዘግይቶ የተፈለፈለ፦ ስለ ሥጋ ዶሮ ጫጩቶች ጥያቄና መልስ

ስለ ማስፈልፈል የፈለጋችሁትን ጠይቁ። ሰዓት ያልተጻፈበት ጥያቄ ግን አታምጡብኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጫጩቶቼ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ሆኑብኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በስንት ሰዓት ወጡ? እንቁላሉ ስንት ቀን ተቀምጦ ነበር? ጽፈህ ተመለስ።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ጫጩት 20ኛው ቀን ጧት፣ የመጨረሻው 21ኛው ቀን ማታ ወጣ። ሁሉንም ያወጣሁት አንድ ላይ ነው። ይበረታሉ ያልኳቸው ቀዳሚዎቹ ለምን ፈዘዙ?

መልስ፦ ጥያቄ ማለት ይህ ነው። 21 ቀን 504 ሰዓት ነው፤ እንቁላሎች ግን ተማክረው አይሰነጠቁም። በፊተኛውና በኋለኛው መካከል ከ24 እስከ 36 ሰዓት ልዩነት የተለመደ ነው። ማስፈልፈያው የሚከፈተው ብዙዎቹ ደርቀው ሲያበቁ ስለሆነ፣ ቀዳሚው ያለ ውኃና ያለ መኖ በዚያ ሙቀት ሲጠብቅ ይቆያል። ቆጠራና ጉዞ ሲጨመርበት ሁለት ቀን ሊሞላው ይችላል። በሆዱ የቀረው አስኳል ነፍሱን ያቆይለታል እንጂ አያሳድገውም። በእነዚህ ቀናት አንጀቱ ከቀረው ሰውነቱ ፈጥኖ ያድጋል፤ መኖ ሲገባለት ደግሞ አስኳሉም ቶሎ ይመጠጣል። የጡት ሥጋ የሚገነባባቸው ሕዋሳት በብዛት የሚባዙትም ያኔ ነው። ቅልጥሙን እዩት፦ ቆዳው ደርቆ የደም ሥሩ ጎልቶ ከታየ ውኃ ጠምቶታል። ቀድሞ መውጣቱ አልጎዳውም፤ የጎዳው መጠበቁ ነው።

አንድ አባል፦ እኔ ግን ሁልጊዜ የሚከብዱት ዘግይተው የወጡት ናቸው።

ሌላ አባል፦ በጭራሽ! የእኔ ቀዳሚዎች በ7ኛው ቀን ሁሉንም በለጡ። የሚዘገየውን እንዲያውም ቅርፊቱን ልጬ አወጣዋለሁ።

መልስ፦ አትጣሉ። አንዱ የመዘነው ከማስፈልፈያው እንዳወጣ ነው፤ ዘግይቶ የወጣው ገና ውኃው ስላልተነነ ይከብዳል። ሌላው እንደተፈለፈሉ አብልቶ ከሳምንት በኋላ መዘነ። የተለያየ ሰዓት፣ የተለያየ ሚዛን። ቅርፊት መላጥ ግን ተዉ! የደም ሥሩ ሳይደርቅ፣ አስኳሉ ወደ ሆዱ ሳይገባ ታደማላችሁ፤ እምብርቱም ክፍት ይቀራል።

ጥያቄ፦ ክትባቱስ መቼ ይሰጥ?

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም ጠይቁ።

ጥያቄ፦ መኖ ማግኘታቸውን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ጫጩት ቤት በገቡ በ24 ሰዓት ከአንገታቸው ሥር ያለውን የምግብ ከረጢት ዳስስ። ከ100 ጫጩት 95ቱ ሞልቶና ለስልሶ ሊገኝ ይገባል። ጠጣር ከሆነ ውኃ አላገኙም። በ7ኛው ቀን ክብደታቸው ከመነሻው 4 እጥፍ ካልደረሰ ወደ መጀመሪያው ቀን ተመልሳችሁ መርምሩ።

ጥያቄ፦ ጫጩቶቼ እኩል አያድጉም፣ መፍትሔ?

መልስ፦ ከላይ አንብብ። ሰዓት! ሰዓት!

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የመጀመሪያው ጠያቂ ነኝ፤ ጽፌ መጣሁ። ግማሹ እንቁላል 3 ቀን፣ ግማሹ 12 ቀን ተቀምጦ ነበር፤ አንድ ላይ አስገባኋቸው።

መልስ፦ ምነው ቀድመህ ብትለኝ! ከ7 ቀን በላይ የተቀመጠ እንቁላል ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ቀን በግምት 1 ሰዓት ይዘገያል፤ የመፈልፈል ዕድሉም ይቀንሳል። ያንተ ትልቆችና ትንንሾች ከዚያ ይጀምራሉ። በሚቀጥለው ጊዜ አትቀላቅል፤ ካስቸገረህ የ12 ቀኑን 5 ሰዓት ያህል አስቀድመህ አስገባ።