የሃይብሪድ ጎማ ለጠየቅሽው እህት፦ «የክረምት ጎማ» የሚልሽን እንዳታምኚ

እህትዓለም፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አነበብኩት። ሃይብሪድ (በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሄድ) የቤት መኪና አለኝ፣ የፋብሪካው ጎማ አለቀ፣ ጎንደር ውስጥ ለክረምትም ለበጋም የሚሆን ምን ልግዛ፣ ብር ካጠረኝስ ሁለቱን ብቻ ብቀይር ይሆናል ወይ ነው ያልሽው። ከስር የመለሱልሽንም አየሁ። ግማሹ የጎማ ስም ጠርቶ ሄዷል። ግማሹ «ሽጪውና ኤሌክትሪክ ግዢ» ይላል። የጠየቅሽው እሱን አልነበረም። እኔ ይሄን ነገር 38 ሺህ ብር ከፍዬ ነው የተማርኩት፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

መኪናሽ እንደኔው ቶዮታ፣ ቸርኬውም ባለ 15 ኢንች ነው ብዬ ነው የምጽፈው። እዚህ የማየው አብዛኛው እንደዛ ነው። ካልሆነ የሾፌሩን በር ስትከፍቺ ምሰሶው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ይነግርሻል።

1ኛ. መጠኑን ታውቂዋለሽ፣ እሱን አልፈዋለሁ። የእኔ 195/65 አር 15 ነው። ሰው የማያያት ከሱ ቀጥላ ያለችውን ትንሽ ቁጥርና ፊደል ነው። 91 ካለ አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ሃይብሪድ ባትሪውን አዝሎ ነው የሚሄደው፣ በዛ ላይ ልጆች፣ በዛ ላይ ከገበያ የመጣ ጤፍ። በሩ ላይ ከተጻፈው በታች እንዳትወርጂ። ፊደሏ የፍጥነት ናት። ኤች (H) በሰዓት እስከ 210 ኪሎ ሜትር፣ ቲ (T) 190፣ ኪው (Q) 160። «ጎንደር ውስጥ ማን 160 ይነዳል» ብለሽ ኪውን እንዳታልፊያት። እኔን ጉድ የሠራችኝ እሷ ናት።

2ኛ. «የክረምት ጎማ» የሚባል ነገር። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሺኝ።

2014 ሰኔ መግቢያ ላይ ነው። የፋብሪካው ጎማ መላጣ ሆኗል። ዝናቡ ጀምሯል፣ ከጎሃ የሚወርደው መንገድ ላይ ፍሬን ስይዝ መኪናዬ ትንሽ እየተንሸራተተች ታስደነግጠኛለች። አንድ ሱቅ ገባሁ። የት እንደሆነ አልናገርም፣ ከተማችን ትንሽ ናት። ሻጩ ጥያቄዬን እንኳ ሳያስጨርሰኝ «ጋሼ፣ የክረምት ጎማ አለ» አለኝ። አወጣው። አዲስ ነው፣ ላዩ ላይ ያለው የላስቲክ ፀጉር እንኳ አልረገፈም። ጥርሱ ላይ ቀጫጭን የተጠማዘዘ መሰንጠቂያ ሞልቶበታል፣ በምላጭ የተበጣ ይመስላል። ጣቴን ይዞ ጥርሱ ላይ አስጫነኝ። «ዳስሰው እስቲ፣ ቅቤ ነው!» እውነትም ለስላሳ ነው። ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ ተስሏል፣ መሐሉ ላይ እንደ ኮከብ ያለች ነገር። «ይኸው ተራራ። ለተራራ አገር የተሠራ ነው» አለኝ። እኔ ደግሞ ተማርኩ ባይ ነኝ፣ በትልቁ የተጻፈውን «ስተድለስ» አነበብኩና አዲስ ቴክኖሎጂ መሰለኝ። ቀጥሎ 91 ኪው ይላል። ኪውን አየኋት፣ ዝም ብዬ አለፍኳት።

ዋጋ ስንነጋገር ያለ ደረሰኝ አራቱን በ38 ሺህ፣ በደረሰኝ ከሆነ ቫቱ 15 በመቶ ተጨምሮ 43,700 አለኝ። 5,700 ብር ቀላል አይደለም፣ የልጄ የትምህርት ቤት ልብስ ነው ብዬ አሰብኩ። ያለ ደረሰኝ አልኩት። ይቺን ዓረፍተ ነገር እንድታስታውሺልኝ እፈልጋለሁ።

መጀመሪያ የተሰማኝ የነዳጁ ነው። በሊትር 22 ኪሎ ሜትር የምትሄደው መኪናዬ 19 ሆነች። ቤንዚኑ መጥፎ ነው አልኩ። ጋቢና ውስጥ ሁልጊዜ እንደ ንብ የሚል ድምፅ አለ፣ ተሸካሚው ኩሽኔታ ነው ብዬ 2 ቀን መካኒክ ጋ አቆምኳት። ምንም የለም። መጋቢት ላይ፣ ጎንደርም በቀትር 30 ዲግሪ በሚደርስበት ጊዜ፣ ለሠርግ ባሕር ዳር ወረድን። ከአዲስ ዘመን በኋላ መሪው ገንፎ ሆነብኝ። ኩርባ ላይ ሳዞራት መጀመሪያ ጎማው ይተጣጠፋል፣ ከዛ በኋላ ነው መኪናዋ የምትዞረው። ባለቤቴ «ቀስ በል» አለችኝ፣ እኔ እኮ 60 ላይ ነበርኩ።

ዓመት ሲሞላው አንድ ቀን ማታ ጎማው ጥርስ ውስጥ የክብሪት እንጨት ከትቼ በጥፍሬ ያዝኩና የልጄ ማስመሪያ ላይ ለካሁት። የፊቶቹ 3 ሚሊ ሜትር። ሲገዛ 9 ገደማ የነበረ ነው። 17 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ሄጄ! የፋብሪካው ጎማ እኮ ከ50 ሺህ በላይ ነው ያገለገለኝ።

አዘዞ አንድ አዛውንት ጎሚስታ አሉ። እሳቸው ጋ ወሰድኩት። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ፣ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጥርሱን ጫን አደረጉት፣ ለቀቁት። «ልጄ፣ ይሄ የበረዶ ጎማ ነው። ራስ ዳሸን ላይ ልትነዳ ነው?» አሉኝ። እዛው የነበሩ ባጃጅ ነጂዎች ሁሉ ሳቁ።

ነገሩ ይሄ ነው። ፈረንጅ ክረምት ሲል በረዶ ማለቱ ነው። ጃፓንም እንደዛው። እኛ ክረምት ስንል ሐምሌና ነሐሴ፣ ዝናብና ጭቃ ማለታችን ነው። የነሱ የክረምት ጎማ ላስቲኩ የሚቀመመው ከ7 ዲግሪ በታች እንዳይደርቅ ተብሎ ነው። ሙቅ አስፋልት ላይ ሲሄድ እንደ ላጲስ ይፋቃል። ሞቅ ባለ እርጥብ አስፋልት ላይም ከኦል ሲዝን (ለሁሉም ወቅት ከሚሆነው ጎማ) ይልቅ ዘግይቶ ነው የሚቆመው። ስተድለስ ማለት ደግሞ የበረዶ ሚስማር የሌለው የበረዶ ጎማ ማለት ነው። እንግዲህ ቴክኖሎጂው ይሄ ነበር። አንቺ የምትፈልጊው ኦል ሲዝን የሚባለውን ነው። ብዙውን ጊዜ ጎኑ ላይ ኤም ፕላስ ኤስ (M+S) የሚል ይኖረዋል። ባለ በረዶው ተራራ ምልክት ብቻውን ጥፋት አይደለም፣ አንዳንድ ኦል ሲዝንም አለው። ተራራው፣ ኪውና ያ እንደ ቅቤ የሚለሰልሰው ባለ ብዙ ብጣት ጥርስ አንድ ላይ ከተገናኙ ግን ከሱቁ ውጪ።

ሱቁ ተመለስኩ። ሻጩ አወቀኝ፣ ሻይ እንኳ አዘዘልኝ። ከዛ ምን አለ መሰለሽ? «እኔ ለክረምት ነው አልኩ እንጂ ለበረዶ አይሆንም አላልኩም። የተገጠመ ጎማ ደግሞ አይመለስም።» መልስ አጣሁለት። እስካሁንም አላገኘሁለትም።

ሰው አቤት በል አለኝ፣ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ስሙን ተዪው። ሁለት ቀን «ኃላፊው ስብሰባ ነው» ተባልኩ። በሦስተኛው ቀን አንዲት ልጅ ስልኳን ሳታስቀምጥ «ምን ነበር?» አለችኝ። ነገርኳት። «ደረሰኝ?» የለኝም። አሁን ስልኩን አስቀመጠች። «ያለ ደረሰኝ ገዝተህ ነው የምትከሰው? አንተም እኮ አጥፊ ነህ። ስምህን ልመዝግብ?» ሽበቴን እንኳ አላየችውም፣ አንተ ነው ያለችኝ። በልጅነቷ ልጄ ትሆናለች። የሚያናድደው ግን ልክ ናት። ጃኬቴን አንስቼ ወጣሁ፣ ደረጃው ላይ ነው እጅጌውን ያጠለቅኩት።

ስለዚህ ደረሰኝ ተቀበዪ። 15 በመቶውን ክፈዪ። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም ክፈዪ።

3ኛ. የተሠራበት ቀን። ጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ ፈልጊ። 2323 ካለ በፈረንጅ 2023 በ23ኛው ሳምንት ማለት ነው። ተንኮሉ ምን መሰለሽ፣ አራቱ አሃዝ አብዛኛውን ጊዜ በአንዱ ጎን ብቻ ነው ያለው። ጎሚስታው ያን ጎን ወደ ውስጥ አድርጎ ከገጠመልሽ በኋላ ለማየት መኪና ስር መተኛት አለብሽ። ከመገጠሙ በፊት አራቱንም አገላብጪ፣ ፎቶ አንሺ። መጋዘን ውስጥ አምስት ዓመት የተኛን ጎማ በአዲስ ዋጋ አትግዢ።

4ኛ. የሃይብሪዱ ጉዳይ። ሞተሩ በኤሌክትሪክ ሲነሳ ጉልበቱ ከመቅጽበት ነው የሚመጣው፣ የሚሸከሙትም የፊቶቹ ጎማዎች ናቸው። ፍሬን ስትይዢም ባትሪውን የሚሞላው ጉልበት በነሱ በኩል ነው የሚመለሰው። የፍሬን ሸራ ቶሎ ስለማያልቅ ደግሞ መካኒክ ጋ ብዙ አትሄጂም፣ ጎማውን ዝቅ ብሎ የሚያይልሽ የለም። እኔ አሁን በየ8 ሺህ ኪሎ ሜትሩ የፊቱን ከኋላው አቀያይራለሁ። ሌላው፣ ሻጩን «በቀላሉ የሚንከባለል ነው ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ነዳጅ የሚቆጥብ ተብሎ የተሠራ ጎማ አለ፣ ፋብሪካው የገጠመልሽ እሱን ነው። ወፍራምና ከባድ የፒክአፕ ጥርስ ያለውን «ለኮረኮንች ይሆንሻል» ብለው ሊሰጡሽ ይሞክራሉ። ይሆናል፣ ግን ሃይብሪድ የገዛሽበት ምክንያት ይጠፋል። የማደያውን ሰልፍ ደግሞ አንቺው ታውቂዋለሽ።

ንፋስ። ይሄ 5ኛ መሆኑ ነው። የእኔ በር ላይ ፊት 35 ኋላ 33 ፒኤስአይ (የንፋስ መለኪያው ቁጥር) ይላል። ጎሚስታ ሁሉ ግን «ይጠንክርልህ» እያለ 45 ይሞላል። 45 ሲሆን የቀበሌ 18 ኮብልስቶን ላይ ጥርስሽ ይንቀጫቀጫል፣ ጎማውም መሐል መሐሉን ይበላል። ጠዋት መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ አስለኪ። እና ደግሞ፣ ሊረሳኝ ነበር፣ ክሪክ ከመግባቱ በፊት መኪናዋን ሙሉ በሙሉ አጥፊያት። ሃይብሪድ ድምፅ ስለሌላት ጎሚስታው የጠፋች ይመስለዋል። ሬዲ የሚለው መብራት በርቶ ጎማ ሲፈታ አይቻለሁ፣ ፀጉሬ ነው የቆመው።

ሁለተኛውን ግዢ እንዴት እንዳደረግኩ ልንገርሽ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልኩራ። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ መርካቶና ሶማሌ ተራ ዞሮ የስድስት ጎማ ጎን ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ። አራቱን ጣልኩ። አንዱ ቀኑ አርጅቷል፣ ሁለቱ የሸክም ቁጥራቸው ከ91 ያነሰ 88 ነው፣ አንዱ ያቺው ተራራና ኪው! ወንድሜ «አንተ ከመቼ ወዲህ ነው ጎማ የምታነብ?» አለኝ። የመረጥኩት የኮሪያ ነው፣ 91 ኤች፣ ትሬድዌር የሚለው ቁጥር 500። ቁጥሩ ከፍ ሲል ቀስ ብሎ ያልቃል ማለት ነው። ሚሽሊንም ብሪጅስቶንም ዮኮሃማም ጥሩ ነው፣ ብሩ ካለሽ። በደረሰኝ ተገዛ፣ በአውቶቡስ ጣሪያ መጣ፣ አዘዞ እኚያ አዛውንት ገጠሙልኝ። ባላንሱን ሲጨርሱ ጥርሱን እንደገና በጥፍራቸው ጫን አድርገው «አሁን ሰው ሆንክ» አሉኝ። 34 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዷል፣ በክብሪት እንጨት ስለካው 5 ሚሊ አለው። ነዳጁም ወደ 22 ተመልሷል።

ሁለት ብቻ ብቀይርስ ላልሽው፣ ይቻላል። አዲሶቹን ግን ከኋላ አስገጥሚ። ጎሚስታው ይከራከርሻል፣ «የሚነዳው የፊቱ ነው፣ አዲሱ ለፊት ነው» ይልሻል። እኔም እንደዛ ነበር የማስበው። ዝናብ ላይ የፊቱ ቢንሸራተት መሪና ፍሬን አለሽ፣ የኋላው ካመለጠ ግን መኪናዋ ራሷ ናት የምትዞረው። የቀሩት ሁለቱም 3 ሚሊ ካልሞሉ ገንዘብ ጠብቂና አራቱንም አንድ ላይ ቀይሪ።

ከመክፈልሽ በፊት የጎኑን ፎቶ እዚሁ ለጥፊው፣ ፊደሎቹ እንዲነበቡ ጠጋ ብለሽ አንሺ። ማታ ማታ ከሥራ መልስ አያለሁ።