መልስ፦ አንዱ ቴአትር ሞልቶ ሌላው ለምን ባዶ ይሆናል?

አንዱ ቴአትር ሰው ሲያሰልፍ ሌላው ለምን ለባዶ ወንበር ይታያል ብለው ለጠየቁት፣ በእኔ ግምት ቀዳሚው ምክንያት የድርሰቱ ጥራት ሳይሆን ተመልካቹ ቀድሞ የሚያውቀው ፊት ነው። በ1948 ዓ.ም. በተመረቀው ብሔራዊ ቴአትር ደጃፍ የሚቆም ሰው ከማስታወቂያው ላይ መጀመሪያ የሚፈልገው በቴሌቪዥን ድራማ የለመደውን ተዋናይ ፎቶግራፍ ነው፤ የደራሲውን ስም ልብ የሚለው ጥቂቱ ነው (ያሳዝናል፣ ግን እውነት ነው)። ከዚያ ቀጥሎ አይቶ የወጣ ሰው ለወዳጁ የሚነግረው ወሬ አለ፤ ኮሜዲ ከትራጄዲ ይልቅ የሚቀናውም ቀልዱ በማግስቱ በቢሮና በታክሲ ውስጥ ስለሚደገም ይመስለኛል። ሰዓቱንም አይናቁት፦ ከመሸ በኋላ ለገሃር ላይ የታክሲ ሰልፍ የሚጠብቀው የሩቅ ሰፈር ነዋሪ፣ ቴአትሩ የቱንም ያህል ቢመሰገን፣ በሥራ ቀን ምሽት ከሚታየው ይልቅ እሁድ ከቀትር በኋላ የሚታየውን ይመርጣል።