የጎንደርን የቀበሌ ካርታ ለምትፈልጊው እህቴ፦ እኔ 5 ወር ያጣሁበት ስህተት

እህቴ፣ «ለማስተርስ ማሟያዬ ምርጫና ቦታን በጎንደር ከተማ ላጠና ነው፤ የቀበሌ ካርታ ከየት ላግኝ?» ያልሽውን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። እኔም በዚሁ ከተማ በዚሁ ርዕስ ለፍቻለሁ። የ1997ን እና የ2013ን ምርጫ ልታነጻጽሪ እንደሆነ ገምቼ ልናገር።

1. ካርታውን ለጊዜው ተዪው። እኔ ከሱ ጀምሬ ነው የወደቅኩት። የቀበሌዎቹን ወሰን በጂአይኤስ (በኮምፒውተር ካርታ መሥሪያ) ሣልኩ፣ ውጤቱን በቀለም ቀባሁ፣ 5 ወር ፈጀሁ። አማካሪዬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «ይህ ወሰን የየትኛው ዓመት ነው?» መልስ አጣሁ። በመሃል የከተማው አደረጃጀት ተቀይሯል፣ ክፍለ ከተማ መጥቷል። እኔ ደግሞ የአሁኑን ወሰን ለድሮው ድምፅ አልብሼዋለሁ። ሁሉንም አጠፋሁት። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ድምፅ የሚቆጠረው በምርጫ ጣቢያ ነው። ጣቢያ ደግሞ ትምህርት ቤት ግቢ ወይም ድንኳን ነው፤ ካርታ ላይ አንዲት ነጥብ። ስለዚህ ከአዘዞ እስከ ማራኪ በእግሬ እየዞርኩ፣ ሰው እየጠየቅኩ፣ ነጥቦቹን በስልኬ ለቀምኩ። በዚህ ሥራዬ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

2. የወንበር ካርታ አያታልልሽ። በ2007ቱ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ የተወካዮች ምክር ቤትን 547 ወንበር ሙሉ በሙሉ ስለወሰዱ፣ ካርታው አገሩን ሁሉ አንድ ያደርገዋል። በአብላጫ ድምፅ ሥርዓት በጥቂት ድምፅ ያሸነፈም በሰፊው ያሸነፈም እኩል አንድ ወንበር ነው የሚያገኘው። ድምፁን ፈልጊ።

3. ደብዳቤ። ኧረ ይሄን ስሚኝ! የትብብር ደብዳቤዬ «ለሚመለከተው ሁሉ» ይል ነበር። የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «እኔ ሁሉ አይደለሁም» ብለው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ገፉት። ወንበር እንኳ አላሉኝም። የመሥሪያ ቤቱ ስም ተጽፎበት፣ ማኅተም ተመትቶበት እስኪመጣ 3 ሳምንት ሄደ። ስመለስ «የምርጫ ነገር ለምን አስፈለገህ?» የሚል ጥያቄ ጠበቀኝ። የታሪክ ሰነድ እንደሚያጠና ተማሪ ረጋ ብዬ አስረዳሁ። መዝገብ ቤት የነበረችው ልጅ ባታዝንልኝ ኖሮ ዛሬም በር ላይ በቆምኩ ነበር። አንቺ ለየቢሮው ለየብቻ አጽፊ፤ ኮፒ ላይም «ደርሷል» አስብለሽ አስፈርሚ።

ከሁሉ በላይ ያስተማሩኝ ግን እጨጌ ቤት ሰፈር ቡና ያጠጡኝ እናት ናቸው። ቀበሌያቸውን ስጠይቃቸው የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው መታወቂያቸውን አወጡና አነበቡልኝ። ሰፈራቸውንና አጥቢያቸውን ግን ሳልጨርስ ነገሩኝ፤ ማን ከማን ጋር ማኅበር እንደሚጠጣ፣ ወሬ ከየት እንደሚሰማ ጭምር። ጆን አግኒው የተባለው የፖለቲካ ጂኦግራፊ ምሁር ቦታን በሦስት ይከፍለዋል፦ መገኛው፣ ሰው የዕለት ኑሮውን የሚኖርበት መድረክ፣ ለቦታው ያለው ስሜት። እኔ 5 ወር ሙሉ የመጀመሪያውን ብቻ ነበር የሣልኩት። የቀሩት ሁለቱ እኚያ እናት ቤት ነበሩ። በቀበሌ ቁጥር ሳይሆን በሰፈር ስም፣ አቡን ቤት፣ ቀኝ ቤት፣ አዲስ ዓለም እያልሽ ሂጂ፤ ሰው ይከፈትልሻል። ማንን እንደመረጠ ግን አትጠይቂ። ድምፅ ምስጢር ነው፤ ጥያቄው ራሱ ያስፈራል፣ የሚሰጥሽም መልስ አይታመንም።

ሌላም አለ። «በዚህ ጣቢያ ነጋዴ ይበዛል፣ እገሌ አሸነፈ፣ ስለዚህ ነጋዴው መረጠው» ብለሽ እንዳትጽፊ። ሮቢንሰን የተባለ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር በ1950 እ.ኤ.አ. የአካባቢን ቁጥር ወስዶ ስለ ግለሰብ መፍረድ እንደሚያሳስት በአሜሪካ ቆጠራ አሳይቷል፤ በአሜሪካ ግዛቶች ደረጃ የታየው ዝምድና በግለሰብ ደረጃ ሲታይ ተገለበጠ። የእኔን ምዕራፍ 4 ፈታኞቹ የቀደዱት በዚህ ነው።

የለቀምኳቸው ነጥቦች ፍላሽ ላይ አሉኝ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝና ፒያሳ ተገናኝተን እሰጥሻለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ይመቸኛል።