ቫልቭ ማስተካከል መማር ጊዜ ማባከን ይሆን?

ውድ ጠያቂያችን፣

በደብዳቤዎ እንደገለጹልን፣ የአውቶ መካኒክ ሥልጠናዎን ለማጠናቀቅ የስድስት ወር የተግባር ልምምድ ይቀርዎታል፤ ሊቀበሉዎት የፈቀዱትም ሁለት ጋራዦች ናቸው። አንደኛው አዳዲስ መኪኖችን በኮምፒውተር መመርመሪያ የሚፈትሽ ሲሆን፣ ሁለተኛው በአንድ አንጋፋ መካኒክ የሚመራና ካርቡሬተር ያላቸውን የቆዩ ሞተሮች የሚያድስ ነው። በሁለተኛው ጋራዥ የመጀመሪያ ሥራዎ ቫልቭ ማስተካከል፣ ማለትም የሞተሩን ማስገቢያና ጭስ ማስወጫ የሚከፍቱና የሚዘጉ ቫልቮች በልኩ ክፍተት እንዲሠሩ ማድረግ እንደሚሆን ስለተነገረዎት፣ ጊዜው ያለፈበትን ሙያ ተምረው ሥራ እንዳያጡ ሰግተዋል።

ስጋትዎ መሠረት አለው። በርካታ ሞተሮች የቫልቩን ክፍተት በዘይት ግፊት በራሱ የሚያስተካክል ሃይድሮሊክ ታፔት የተባለ ክፍል ስላላቸው፣ ይህ ሥራ ብቻውን መተዳደሪያ አይሆንም። ያም ሆኖ ለስድስት ወር ልምምድ እኔ የምመርጥልዎ ሁለተኛውን ጋራዥ ነው።

ምክንያቴን በራሴ ስህተት ላስረዳዎ። ወደ ምክር አገልግሎት ከመግባቴ በፊት ጋራዥ ውስጥ ስሠራ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ቫልቮቹን ያስተካከልኩለትን ሞተር ያ የሚታወቀው ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፁ ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ አጠበቅሁት፤ ባለቤቱም አመስግኖኝ ሄደ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መኪናው አንዱ ሲሊንደር ኮምፕሬሽን (በውስጡ የሚታመቀውን ግፊት) አጥቶ ተመለሰ፤ ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ክፍል) ሲወርድም የጭስ ማስወጫው ቫልቭ ጠርዙ ተቃጥሎ ተገኘ። ቫልቭ ሲግል ስለሚረዝም ቫልቩን ገፍቶ በሚከፍተው ሮከርና በቫልቩ ጫፍ መካከል ጥቂት ክፍተት መተው አለበት፤ ክፍተቱን ሲያጣ በደንብ አይዘጋም፣ ካልተዘጋ ደግሞ ሙቀቱን ሲዘጋ ለሚያርፍበት መቀመጫ ማስተላለፍ አይችልም። የላላ ቫልቭ ይንጫጫል፣ የጠበቀ ግን ድምፁን አጥፍቶ ይቃጠላል፤ ይህን የተረዳሁት በደንበኛ ገንዘብ መሆኑ እስካሁን ይቆጨኛል።

የሥራው ቁም ነገር በሚሊሜትር መቶኛ በሚቆጠር ልኬት ላይ ነው። በብዙዎቹ የቆዩ፣ በአየር የሚቀዘቅዙ የፎልክስዋገን ቢትል ሞተሮች ልኩ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ 0.15 ሚሊሜትር ነው፤ በሌሎች ብዙ ሞተሮች ግን የጭስ ማስወጫው ቫልቭ ይበልጥ ስለሚግል ከማስገቢያው ሰፋ ያለ ክፍተት ይሰጠዋል። መጠኑንም ሆነ የሚለካው ሞተሩ ቀዝቅዞ ወይም ሞቆ መሆኑን የሚወስነው የአምራቹ መመሪያ ነው። ባለ አራት ሲሊንደር ሆኖ የማቃጠል ቅደም ተከተሉ 1-3-4-2 በሆነ ሞተር፣ የ4ኛው ሲሊንደር አንዱ ቫልቭ ሊዘጋ ሌላው ሊከፈት ሲሉ የ1ኛው ፒስተን በኮምፕሬሽን ላይኛው ጫፍ ይገኛል፤ በዚያን ጊዜ የ1ኛውን ሁለቱንም ቫልቮች ይለካሉ። ክራንክሻፍቱን (ከፒስተኖቹ ጋር የተያያዘውን የሞተር ዘንግ) ግማሽ ዙር ሲያዞሩት ተራው የ3ኛው ይሆናል። ክፍተቱ የሚለካበት ስስ ብረት፣ ፊለር ጌጁ፣ በመጠኑ ያዝ እያደረገ መንሸራተት አለበት። የማስተካከያውን ብሎን የሚያስረው ዳዶ ሲጠብቅ ብሎኑ አብሮ ሊዞር ስለሚችል ልኬቱን መድገም የግድ ነው። የሮከሩ ፊት ተበልቶ ከጎደጎደ ደግሞ የጌጁ ምላስ ጉድጓዱን ተሻግሮ ስለሚያርፍ፣ እውነተኛው ክፍተት ከሚነበበው ይሰፋል፤ ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ይህ እውቀት ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጡም ይከተልዎታል። መመርመሪያው ፒ0303 የሚል ኮድ ሲያወጣ 3ኛው ሲሊንደር በትክክል እንደማያቃጥል ይነግርዎታል እንጂ፣ ጥፋቱ የካንዴላው፣ የኢንጀክተሩ ወይም የማይዘጋ ቫልቭ መሆኑን አይነግርዎትም። ከዚህም ሌላ፣ በርካታ የናፍጣ ሞተሮች፣ ጄኔሬተሮችና ሞተር ብስክሌቶች ዛሬም በየጊዜው ቫልቫቸው መስተካከል አለበት፤ ስለዚህ ሙያው እርስዎ እንደፈሩት አልሞተም።

ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ አንድ ደብተር ይያዙ። የእያንዳንዱን ሞተር ዓይነት፣ ከማስተካከልዎ በፊትና በኋላ ያገኙትን ክፍተት፣ እንዲሁም የኮምፕሬሽኑን ልኬት ይመዝግቡ። ያው መኪና ተመልሶ ሲመጣ የአንዱ ቫልቭ ክፍተት ደጋግሞ ጠቦ ካገኙት፣ መቀመጫው እየተበላ ሊሆን እንደሚችል ከደብተርዎ ያነባሉ። በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ እንዲህ ያለ መዝገብ ይዞ የሚቀርብ ጀማሪ ብዙም አላየሁም፤ ቀጣሪ ፊት ከምስክር ወረቀቱ ጎን ቢያስቀምጡት ንግግሩ ራሱ ወደ ሥራው ይዞራል።

ከስድስት ወር በላይ ግን እዚያ እንዲቆዩ አልመክርም፤ በጎን የመኪና ኤሌክትሪክ ትምህርት ይጀምሩ፣ ልምምዱ ሲያልቅም ወደ መመርመሪያው ጋራዥ ያመልክቱ። ከመፈረምዎ በፊት አንጋፋውን መካኒክ በአክብሮት ሁለት ነገር ይጠይቋቸው፤ የአምራቹ መመሪያ በጋራዡ ይገኝ እንደሆነና ጌጁን በራስዎ እጅ ይዘው እንዲለኩ ይፈቅዱልዎ እንደሆነ። ወሩን ሙሉ ዕቃ ከማጠብና መፍቻ ከማቀበል በቀር ሌላ እንደማይሰጡዎት ከተረዱ፣ ይህን ምክሬን ትተው የመጀመሪያውን ጋራዥ ይምረጡ።