«አንድ ቀን እንገናኝ» ይሉኛል፣ ቀኑ ግን አይመጣም

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ለአንድ ሴሚስተር በልውውጥ ፕሮግራም ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ነው ያለሁት፣ ሁለተኛ ወር ይዣለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ሁሉም ነገር ደስ ይል ነበር። አሁን ከክፍል ወጥቼ በቀጥታ ዶርሜ ነው የምገባው። የአገሩ ተማሪዎች ክፉ አይደሉም፣ ሲያዩኝ ፈገግ ይላሉ፣ «አንድ ቀን እንገናኝ» ይሉኛል፣ ያ አንድ ቀን ግን አይመጣም። ማታ ማታ ከቤተሰቤና ከድሮ ጓደኞቼ ጋር በቪዲዮ ሳወራ አመሻለሁ፤ ስልኩ ሲዘጋ ይብስብኛል። እኔ እኮ ተጫዋች የምባል ሰው ነበርኩ! ምን ነካኝ? የቀረችውን ጊዜ አንገቴን ደፍቼ ተምሬ ብመለስስ?
ብቸኛዋ ተማሪ

መልስ፦ እህቴ፣ ምንም አልነካሽም። ካሌርቮ ኦበርግ የሚባል የአንትሮፖሎጂ ሰው እ.ኤ.አ. በ1960 ስለዚህ ነገር ጽፏል። መጀመሪያ የጫጉላ ጊዜ አለ፣ ሁሉም ነገር ያስደንቃል፤ ቀጥሎ ሁሉም ነገር የሚያናድድበትና የሚያስከፋበት ጊዜ ይመጣል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ይለመዳል። በእርግጥ ሁሉም ሰው በዚህ ቅደም ተከተል አያልፍም፣ ያንቺ ደብዳቤ ግን ሁለተኛው ላይ ቁጭ ብሎ የተጻፈ ነው የሚመስለው።

አሁን ወደ ፈገግተኞቹ። አልጠሉሽም። ሕይወታቸው ሞልቶ ነው። አብሮ አደግ ጓደኛ አላቸው፣ ቅዳሜና እሁዳቸው ተይዟል፣ አንቺ ደግሞ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደምትሄጂ ያውቃሉ። ስለዚህ እነሱ ይጠሩኛል ብለሽ ብትጠብቂ ሴሚስተሩ ያልቃል። «አንድ ቀን እንገናኝ» ለሚል ሰው መልሱ «ሐሙስ ከክፍል በኋላ ቡና ልጠጣ ነው፣ ትመጫለሽ?» ነው። ቀን ያለው፣ ሰዓት ያለው፣ እሷ ብትቀርም አንቺ የማትቀሪበት ነገር። እምቢ ካለችሽ ሐሙስ አልተመቻትም ማለት ነው እንጂ ሌላ ትርጉም አትፈልጊለት። ሁለቴ ጠይቀሽ ሁለቴም ሰበብ ከሰጠችሽ ደግሞ ተያት፣ ሌላ ሰው አለ።

ዋናው ነገር ግን ተጫዋችነት አይደለም፣ ሰዓት ነው። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት፣ ትውውቅ ወደ ቀለል ያለ ጓደኝነት እስኪያድግ ወደ 50 ሰዓት ገደማ አብሮ መሆን ይጠይቃል። ጓደኛ ለማለት 90 ሰዓት አካባቢ፣ የልብ ጓደኛ ለመሆን ከ200 በላይ። እንግዲህ ሒሳቡን አስቢው። ከአንዷ ጋር በሳምንት አንዴ ከክፍል ስትወጪ ሩብ ሰዓት ብታወሪ፣ በ15 ሳምንት የምታጠራቅሚው አራት ሰዓት እንኳን አይሞላም። በሳምንት አምስት ሰዓት ከሆነ ግን በ10 ሳምንት 50 ገባሽ። በዚያ ላይ እዚያው ጥናት ላይ እንደታየው፣ ጎን ለጎን ተቀምጦ መማር ወይም መሥራት ብዙም አያቀራርብም፤ የሚያቀራርበው ያለ ጉዳይ አብሮ መዋል፣ መቀለድ፣ መጫወት ነው።

ታዲያ ሰዓቱ ከየት ይምጣ? ከተለያየ ሰው ጋር ከመቅበጥበጥ ከተወሰኑ ሰዎች ጋር ደጋግመሽ ተገናኚ። የትውውቅ ፓርቲ ለዚህ ብዙ አይረዳም፣ እኔ በበኩሌ ዋጋ አልሰጠውም፤ ሃምሳ ሰው ስሙን ነግሮሽ ሃምሳውንም ትረሺዋለሽ። ከዚያ ይልቅ በየሳምንቱ በአንድ ቀንና ሰዓት የሚገናኝ አንድ ክለብ ያዢ። ቋንቋው ገና ካልተቃናልሽ ወሬ የሚበዛበትን ሳይሆን እጅና እግር የሚሠራበትን ምረጪ፦ መረብ ኳስ፣ መዘምራን፣ የእግር ጉዞ። እዚያ ዝም ብትዪም አለሽ። ሁለት ሳምንት ቀርተሽ በሦስተኛው ብትሄጂ ግን እንደገና አዲስ ሰው ነሽ።

ሌላው የጋራ ኩሽና ነው። ዶርምሽ ውስጥ ካለ፣ ቆንጆ ዕድል አለሽ ማለት ነው። ፌስቲንገር የሚባል የሥነ ልቦና ሰውና ባልደረቦቹ ኤም አይ ቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚኖሩባቸውን ቤቶች አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1950 ያሳተሙት ሥራ አለ፤ ሰው ይበልጥ የተወዳጀው ከጎረቤቱና መንገዱ ላይ ደጋግሞ ከሚያገኘው ሰው ጋር ነበር። ደረጃው አጠገብ የሚኖሩት ደግሞ ከላይ ፎቅ ሰዎች ጋር ሁሉ ይተዋወቁ ነበር። ስለዚህ ሰው ባለቀ ሰዓት ሹልክ ብለሽ ገብተሽ፣ ምግብሽን አሙቀሽ፣ ሳህንሽን ይዘሽ ክፍልሽ መግባቱን ተዪው። ሁሉም እራት በሚሠራበት ሰዓት ግቢ፣ ኢርፎንሽን አውልቂ፣ ሽንኩርትሽን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ክተፊ፣ የበላሽውም እዚያው ይሁን። ቢላ ተዋሺ። ጨው አለሽ ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ ቢኖርሽም። የሚበልጠው ወሬ የሚጀመረው በእንደዚህ ዓይነት የማይረባ ነገር ነው።

«ሲያወሩኝ ደብሬያቸው ይሆን» እያልሽ ማታ ስታሰላስዪ እንደምታድሪ እገምታለሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሌላ ጥናት ያሳየው፣ ሰዎች ከማያውቁት ሰው ጋር ካወሩ በኋላ ሰውየው የወደዳቸውን ያህል እንደወደዳቸው አይመስላቸውም። አብረው የሚኖሩ ተማሪዎች ላይ ደግሞ ይህ ግምት ለወራት ቆይቷል። በሌላ ሰው ቋንቋ ስታወሪ ጥርጣሬው ቢብስ አይገርምም፣ ቀልድሽ ዘግይቶ ነዋ የሚመጣልሽ። ያልገባሽን «አልሰማሁም፣ ድገሚልኝ» በዪ። ሳይገባሽ አብረሽ መሳቅ ግን አንዴ ከለመደብሽ ይነቃብሻል።

የቪዲዮ ጥሪውን አቁሚ አልልሽም። ሰዓቱን ቀይሪው። ምሽት ሰው የሚገናኝበት ሰዓት ነው፣ አንቺ ደግሞ ያንን ሰዓት ለስልክ ሰጥተሽዋል። ለቤተሰብሽ ጠዋት ወይም እሁድ ቀን ደውዪ፤ ያኔ ደግሞ የምትነግሪያቸው ወሬ ይኖርሻል።

የመጀመሪያዎቹ ጓደኞችሽ እንዳንቺው የውጭ ተማሪዎች ቢሆኑ ቅር አይበልሽ። እነሱም ምሽታቸው ባዶ ነው። አውሮፓ ውስጥ ከሆንሽ ኢራስመስ ስቱደንት ኔትወርክ የሚባለው፣ ከእ.ኤ.አ. 1989 ጀምሮ ያለ የተማሪዎች ማኅበር፣ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ቅርንጫፍ አለው። ሌላም ቦታ ከሆንሽ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሄደሽ አዲስ መጪን ከነባር ተማሪ ጋር የሚያጣምሩበት ፕሮግራም እንዳለ ጠይቂ። ሴሚስተሩ ተጋምሷል ብለሽ አትፈሪ፣ ጠይቂ።

አንድ ነገር ብቻ፦ እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ከአልጋ መነሳት ካቃተሽና ይህም ሳምንታት ከዘለቀ፣ ያ የጓደኛ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዩኒቨርሲቲውን የምክር አገልግሎት አነጋግሪ፤ አብዛኛው ቦታ ለልውውጥ ተማሪም ክፍት ነው።

ጥያቄ፦ በሚቀጥለው ሴሚስተር ልሄድ ነው። ብቻዬን የምኖርበት ስቱዲዮና ኩሽና የጋራ የሆነበት ዶርም ቀርቦልኛል። ዓይን አፋር ነኝ፣ ስቱዲዮው ይሻለኛል መሰለኝ። ምን ትላላችሁ?
ዓይን አፋሩ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዓይን አፋር ከሆንክማ ዶርሙን ያዝ! ተጫዋች ሰው ስቱዲዮም ቢገባ ወጥቶ ሰው ያመጣል፣ አንተ ግን በርህን ዘግተህ ትቀራለህ። መኝታህ የብቻህ፣ ኩሽናው የጋራ የሆነውን አማርጥ፤ ሲደክምህ የምትሸሸግበት አለህ፣ ሲርብህ ደግሞ ሳትወድ በግድ ሰው ታገኛለህ። ከመወሰንህ በፊት አንድ ኩሽና ለስንት ሰው እንደሆነ ጠይቅ፤ ለሰባት ስምንት ከሆነ ጥሩ ነው፣ ለሠላሳ ከሆነ ማንም ማንንም አያውቅም። መልሱ ሲደርስህ ቶሎ ፈርም፣ እንዲህ ዓይነቱ ክፍል ቀድሞ ነው የሚያልቀው።